ተሰጥኦ አልጠይቅም፤ ደብተር እጠይቃለሁ

በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ወላጆች አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጡብኛል። «ቲቸር፣ ልጄ ተሰጥኦ አለው?» አንዳንዱ ደግሞ መልሱንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ልጄ ተሰጥኦ ስላላት እርስዎ ጋ ትግባ» ይላል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው። አላውቅም፤ ለማወቅም አልቸኩልም። ይኼን ሲሰሙ ብዙዎቹ ትንሽ ቅር ይላቸዋል።

ነገሩን ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሌላ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ፈቃደኛ የሆኑ ልጆችን ሰብስቤ የፈጠራ ጽሑፍ እናያለን፤ አጭር ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ወግ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት አድላለሁ። እኔ ከእነሱ የምጠብቀውና እነሱ ከእኔ የሚጠብቁት ተጽፎበታል። ወላጅም ይፈርምበታል። ዛሬ ስለዚያ ወረቀት ልጽፍላችሁ ነው፤ አምና በእሱ የተነሳ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነን ነበርና።

መጀመሪያ ግን ልጆቹ ምን ይዘው እንደሚመጡ ልንገራችሁ። አሥር ዓመት ሙሉ አማርኛ ተምረው የሚመጡ ልጆች ናቸው። «ድርሰት ጻፉ» ሲባሉ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሜ አውቃለሁ። ጀምበር ታዘቀዝቃለች፣ ወፎች ይዘምራሉ፣ ነፋሱ ሽው ይላል። ከዚያ አንድ ሰው በሐሳብ ባሕር ይሰጥማል። መጨረሻ ላይ ወይ መኪና ይገጨዋል፣ ወይ ከእንቅልፉ ይነቃና «ለካ ሕልም ነበር!» ይላል። ከሥር ደግሞ «ከዚህ ታሪክ የምንማረው» የሚል አንድ አንቀጽ ይከተላል። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን የፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያልቀው፤ በሽታው ተለወጠ እንጂ አጨራረሱ እስካሁን አለ።

ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ይኼን ያስተማርናቸው እኛ ነን። ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ዛፍ ጥቅም፣ ስለ እናት ፍቅር፣ ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል... ርዕሱን የሰጠነው እኛ፣ መልሱንም ቀድመን የምናውቀው እኛ። ልጁ ስለ እናት ፍቅር ሲጽፍ ስለ እናቱ አይጽፍም። አስተማሪው ሊሰማ ይፈልጋል ብሎ ስለሚያስበው እናት ነው የሚጽፈው።

አስተማሪውስ? እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ አለ እንበል። አስተማሪው አምስት ሴክሽን ይዟል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ቢጽፍ 300 ገጽ ነው። አንዱን ገጽ አንብቦ ሁለት መስመር አስተያየት ለመስጠት አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት 1,500 ደቂቃ፣ ማለትም 25 ሰዓት። ይኼ ለአንድ ዙር ነው። የሚታረመውን በዚህ ደመወዝ፣ በታክሲ ሰልፍና በትርፍ ሰዓት ማስጠናት መሐል ነው የሚያርመው። ስለዚህ ድርሰት አያዝም፤ ምርጫ ያወጣል። «ለሚከተለው ፈሊጣዊ አነጋገር ትክክለኛ ፍቺ የሆነውን ምረጡ» ሲባል አንድ ሴክሽን በግማሽ ሰዓት ታርሞ ያልቃል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረ ጊዜም አማርኛ በምርጫ ነበር የሚፈተነው። የ12ኛ ክፍሉ መልቀቂያ ፈተና ውስጥ ደግሞ አማርኛ ከነጭራሹ የለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የመጣን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ድንቅ ታሪክ አምጣ ማለት ግፍ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሀዲስ ዓለማየሁ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከዚያ በፊት የቤተ ክህነት ትምህርት፣ ጦርነት፣ እስራት፣ ዲፕሎማትነት አይተዋል። እኔ የ16 ዓመት ልጅ ይዤ «ተሰጥኦ አለው ወይስ የለውም» ብዬ ልፍረድ?

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር ስለ ደብተር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ። ያዩት፣ የሰሙት፣ የሸተታቸው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲከለክል ምን ብሎ ነው የከለከለው? አያታቸው ቡና ሲያፈሉ ስኒውን በየትኛው እጅ ነው የሚያነሱት? ማማር አይጠበቅበትም። መኖር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከ100 ነጥብ 40ው ለዚህ ነው። 30ው አንድን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ለመጻፍ፣ 20ው የጓደኛን ጽሑፍ በደንብ ለመስማት፣ የቀረው 10 ለመጨረሻው ሥራ። ነጥቡ ሮስተር ላይ አይገባም፤ ግን ልጆች ነጥብ ይወዳሉ፣ እኔም አልነፍጋቸውም። ቀልጣፋ ጸሐፊ የሆኑት ልጆች ይኼን አከፋፈል ሲያዩ ይናደዳሉ። በአንድ ሌሊት ጽፈው ሊያስጨበጭቡ የለመዱ ናቸዋ።

ስለ ጭብጨባ ካነሳን፣ እኔ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው። አንድ ልጅ አንብቦ ሲጨርስ ሌሎቹ በመጀመሪያ ያዩትን ይናገራሉ፤ «ሴትዮዋ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ስትሮጥ ታየችኝ» ዓይነት። ቀጥሎ የጠፉበትን ቦታ፤ «ወንድምየው መቼ እንደገባ አልገባኝም»። «ቆንጆ ነው» ማለት አይቻልም። «ቆንጆ ነው» የተባለ ልጅ ነገ ምን እንደሚያሻሽል አያውቅም፤ ያልተባለውም ለምን እንዳልተባለ አያውቅም። ጮክ ብሎ ማንበቡ ራሱ ግማሽ እርማት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብርን አሰማቸውና የት ትንፋሽ እንደወሰደ ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ከዚያ የራሳቸውን ሲያነቡ ዓረፍተ ነገሩ ትንፋሽ ሲያሳጥራቸው ራሳቸው ይሰሙታል።

(በነገራችን ላይ፣ የሀሌታውን «ሀ» እና የሐመሩን «ሐ» ስላቀያየሩ አንድም ነጥብ አልቀንስም። አራት ነጥብ ለሚረሱ ግን ምሕረት የለኝም። ስልክ ላይ ከመጻፍ ብዛት ደብተር ላይ ሳይቀር ሁለት ነጥብ ደርድረው «::» የሚያደርጉ አሉ። በእስክሪብቶ!)

ሦስት ጊዜ መጻፍ የሚለው ነው ከሁሉ የሚከብዳቸው። «እንደገና ጻፈው» ስል በንጹሕ ወረቀት፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ያንኑ ገልብጠው ይመጣሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ «እንደገና ጻፍ» ማለት ቅጣት ነው፤ ሃምሳ ጊዜ «ሁለተኛ አልረብሽም» ብለው የጻፉ ልጆች ናቸው። ሁለተኛው ረቂቅ ሌላ ጽሑፍ መሆኑን፣ የመጀመሪያው ገጽ ምናልባት በሙሉ ሊጣል እንደሚችል፣ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እነሱ ሦስተኛ አንቀጽ ባሉት ቦታ እንደሆነ ለማሳመን አንድ ሴሚስተር ይፈጃል።

ይኼ ከፈረንጅ የመጣ ዘዴ የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉኝ። አንዱ «ወርክሾፕ ምናምን» እያለ ያሾፍብኛል። እኔ ደግሞ ቅኔ ቤትን አስታውሰዋለሁ። አገራችን የፈጠራ ጽሑፍ ክፍል ካወቀች ዘመናት አልፈዋል። የቅኔ ተማሪ ሲገባ «ተሰጥኦ አለህ ወይ» አይባልም። ከትንሹ ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ። መምህሩ ቅኔ ይነግራሉ፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈታሉ። ተማሪው ከዚያ ወደ ጫካው፣ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ መቃብር ቤቱ ጥግ ብቻውን ሄዶ ይቆጥራል። «ቅኔ መቁጠር» ይሉታል መድረሱን፤ ደስ የሚል ቃል ነው። ተመልሶ ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩ ያርማሉ፤ ይበላሻል፣ ይቃናል፣ አንዳንዴ እንዳለ ይጣላል። በማግስቱ ሌላ። የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ የለም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብማ ነውር ነው። ሁለት ቤት ሲጠና ወደ ሦስት፣ ወደ አምስት፣ ኋላም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል።

ይኼን ስል በቅኔ ቤት ያለው ሁሉ ይመጣ ማለቴ አይደለም። ኩርማኑ፣ ውሻው፣ ግርፉ እዚያው ይቅር። የተማሪን ኑሮ ማወቅ የፈለገ መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማን አስወርተው ያዘጋጁትን የትዝታ መጽሐፍ ያንብብ፤ ስቆ ሲጨርስ ያዝናል። የምወስደው የሚጠበቀውን ነገር ነው፦ በየቀኑ አዲስ ትንሽ ነገር፣ በሰው ፊት፣ ለእርማት። ያ ተማሪ ከዓመታት በኋላ ሊቅ ይሁን ተራ ደብተራ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት አይተነብዩም።

አሁን ደግሞ ስልኩ መጥቷል። «ስለ ጓደኝነት አጭር ልብ ወለድ ጻፍልኝ» ብለው ቻትጂፒቲን ያዙታል፤ በሰከንድ ሁለት ገጽ ያወጣላቸዋል። አንዳንድ መምህራን ይኼን ለመያዝ ሲባዝኑ አያለሁ። እኔ ብዙ አልቸገርም። ልጁን አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ፤ «ይኼ ሰውዬ የት ሰፈር ነው የሚኖረው? የቤት ኪራይ ስንት ይከፍላል? ጫማው ምን ዓይነት ነው?» ታሪኩን ራሱ ያሰበው ልጅ ወረቀቱ ላይ ያልጻፈውን ሁሉ ያውቃል። ገልብጦ ያመጣው ዓይን ዓይኔን ያያል። ያኔ አልጮኽም፣ ዜሮም አልሰጥም፤ ደብተሩን ብቻ እጠይቃለሁ። ደብተር ካለው ከዚያ አንድ ግማሽ ገጽ መርጠን እንቀጥላለን። ከሌለው ደግሞ ችግሩ ስልኩ አይደለም።

ወደ ክርክሩ ልምጣ። አምና የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጅ ናት። ይኼን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው፤ ከመለጠፌ በፊት አንብባው ሁለት መስመር አስወጥታኛለች፣ ማንነቷን የሚያሳውቅ አንድ ነገርም ቀይረናል።

የመጀመሪያ ረቂቋ «የእናት ፍቅር እንደ ባሕር ጥልቅ ነው» ብሎ ይጀምራል። ባሕር አይታ አታውቅም። ገጹ በሙሉ እንደዚያ ነው፤ ስህተት የሌለበት፣ ሰውም የሌለበት። «እናትሽ ምን ትሠራለች?» አልኳት። «ቤሩት ነበረች» አለች። ከዚያ ያለፈ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ኢሞ መጣ። ዓርብ ማታ የአክስቷን ስልክ ከበው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ እናቷ ከአሠሪዎቿ ተደብቃ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ስታወራ። ከጀርባ የሚታየው የሰው ቤት ሴራሚክ። ልጅቷ ስለ ሴራሚኩ ቀለም ግማሽ ገጽ ጽፋለች። የልጅነት እናቷ ማለት ያ ሴራሚክ ነበር።

ሦስተኛው ላይ እናትየዋ ከስድስት ዓመት በኋላ ትመለሳለች። ቦሌ ሄደው ይቀበሏታል። እቅፍ፣ ለቅሶ፣ አበባ። ቤት ገብተው ምሳ ሲቀርብ ልጅቷ ውሃ ትቀዳና ለእናቷ ትሰጣለች፤ «እንኩ፣ ይጠጡ» ትላታለች። ለእንግዳ እንደሚባለው። አፏ «እንቺ» ማለት እምቢ አላት። እናትየዋ ብርጭቆውን ተቀብላ ሳትጠጣ ረጅም ጊዜ ትቆያለች። ታሪኩ እዚያ ያልቃል።

ክፍሉ ውስጥ ስታነበው ማንም ቶሎ አልተናገረም። ከዚያ አንድ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ የሚያስቅ፣ «ብርጭቆው ታየኝ» አለ። ሌላ የተናገረ የለም፤ እኔም አልጨመርኩም።

ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ በሳምንቱ ዩኒት ሊደሩ አስጠራኝ። የወላጆች ቀን ደርሶ ነበር። ጽሑፉ መድረክ ላይ ይነበብ አለኝ። «ያስለቅሳል አሉ» አለ፣ እንደ ጥሩ ዜና። ልጅቷን ልጠይቃት አልኩ። ጠየቅኋት። አልፈልግም አለች። እናቷ ከወላጆቹ መሐል ትቀመጣለችና። ደግሞም ያንን ታሪክ ገና አላሳየቻትም።

ይኼን ስነግራቸው ነገሩ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደ። «ተማሪው ትምህርት ቤት ውስጥ የጻፈው የትምህርት ቤቱ ነው» ተባልኩ። ወረቀቱን አወጣሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ እነሱ ከእኔ ከሚጠብቁት መሐል አንዱ እንዲህ ይላል፦ ደብተር ውስጥ የተጻፈ ነገር ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ሥሩ ላይ የኔ ፊርማ አለ፣ የእሷ አለ፣ የወላጅ አለ። ርዕሰ መምህሩ «ይኼ እኮ ልጅ ነው፤ ውል ነው እንዴ?» አሉኝ። አዎ ነው አልኳቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መባል አለበት፤ አስተማሪ የሆናችሁ በተለይ ስሙኝ። ይኼ ቃል ገደብ አለው፣ ገደቡም በመጀመሪያው ቀን ነው የሚነገረው። ሰው እየጎዳችሁ እንደሆነ ከጻፋችሁ፣ ወይም ራሳችሁን ልትጎዱ እንዳሰባችሁ ከጻፋችሁ፣ ደብተሩን ዘግቼ ዝም አልልም፤ መጀመሪያ ከእናንተ ጋር፣ ቀጥሎ ሊረዳ ከሚችል ሰው ጋር እነጋገራለሁ እላቸዋለሁ። ይኼን ሳይናገሩ «ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ» ማለት ልጅን ገደል አፋፍ አድርሶ እጅ መልቀቅ ነው። ስለዚህ እውነት ጻፉ የሚል መምህር የጻፉትን ሁሉ ማንበብ አለበት። 34 ደብተር በየሳምንቱ አነብ ነበር። የእኔ ድርሻ ይኼ ነው፣ ወረቀቱም ላይ አለ፦ በሳምንቱ ውስጥ ያልመለስኩት ደብተር ካለ ተማሪው በክፍል ፊት ሊጠይቀኝ ይችላል። ይጠይቁኛልም፤ ደስ እያላቸው።

የወላጆች ቀን ስለ ታታሪነት በሚናገር ግጥም አለፈ። ተጨበጨበ። በሁለተኛው ሴሚስተር የጊዜ ሰሌዳ ሲወጣ የእኔ ክፍል የለም። «ክፍል ጠቦናል» ተባለ። ምናልባትም እውነት ነው፤ የክፍል እጥረት መኖሩን ማን ይክዳል። አሁን የምንገናኘው በምሳ ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ዘንድሮ 19 ነን። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው እየበሉ ያነባሉ፤ ሽሮ የነካው ደብተር ብዙ አለኝ።

ልጅቷ አሁን 12ኛ ናት። ለፈተና እየተዘጋጀች ስለሆነ ክፍሉን ትታለች፤ ትክክል ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከነበሩ ወዲህ እዚህ አገር ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንዴት እንደሚተኛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ለዚህም ነው ዘንድሮ አንድ አባት ወረቀቱን ይዘው ቢሮ ድረስ የመጡት። ሾፌር ናቸው፤ ሥራ አስፈቅደው ነው የመጡት። ቁጭ ብለው ሁለቱንም ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ይኼ ነገር ለፈተናው ምን ይጠቅመዋል?» አሉኝ። ለፈተናው አይጠቅምም አልኳቸው። እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን እንዳይነካ በሳምንት አንድ የምሳ ሰዓትና ሦስት ግማሽ ገጽ ብቻ እንደሚወስድበት ነገርኳቸው። «ታዲያ ለምን ይማረዋል?» አሉ። ልጅዎ ቤት ውስጥ ብዙ ያወራል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «እስክሪብቶ አለህ?» አሉኝና ፈረሙ።

ወረቀቱ ላይ ፊርማቸው ትንሽ ተጣሟል። ልጁ እስካሁን አራት ሳምንት ሳያጓድል አምጥቷል። ስለ ምን እንደሚጽፍ ግን አልነግራችሁም።